ቃሉ ባይሰማም ዘፈን ነው፦ ስለ አር.ኢ.ኤም. የመጀመሪያ አልበም ለተጻፈ ትችት ምላሽ

አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1983 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበም፣ «መርመር»ን፣ አንስተው አንድ ጸሐፊ ሰሞኑን በአማርኛ ጠንከር ያለ ትችት ጽፈዋል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፃዊው ቃሉን እየዋጠ ስለሚዘፍን ግጥሙ አይሰማም፤ ግጥሙ የማይሰማ ደግሞ ዘፈን ሊባል አይገባም። ቀረጻው የደፈረሰው ልጆቹ ገንዘብም ልምድም ስላልነበራቸው ነው፤ ደህና ፕሮዲዩሰር ቢገጥማቸው ይቃና ነበር። ዘፈኖቹ እርስ በርስ አይለዩም፣ ጊታሪስቱም ሶሎ የመጫወት ችሎታ የለውም። ሽፋኑ ላይ እንኳ ከአረም በቀር የሚታይ ነገር የለም። ዝናውን ሐያስያን ከዓመታት በኋላ የፈበረኩት ነው። መደምደሚያቸው ደግሞ እኛ የግጥምና የቅኔ ሕዝብ ስለሆንን ይህ ሙዚቃ ለእኛ ጆሮ አይሆንም የሚል ነው። ይህን ሁሉ የጻፉት አልበሙን መንገድ ላይ፣ ከስልካቸው ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ጊዜ ሰምተው እንደሆነም ራሳቸው ተናግረዋል።

ግልጽነታቸውን አከብራለሁ። ስለ ኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ ስላደገው የሮክ ሙዚቃ) በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በጣት የሚቆጠር ነውና ርእሱን ማንሳታቸው ብቻ ደስ ያሰኛል። ግን አብዛኛው ነጥባቸው ትክክል አይደለም፤ አንዳንዱም ከታሪኩ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ይህን አልበም ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከቀረጻው ልጀምር፤ የቀሩት ወቀሳዎች ብዙዎቹ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸውና። ጸሐፊው «ደህና ፕሮዲዩሰር ቢገጥማቸው» የሚሉት ነገር በእርግጥ ተሞክሮ ነበር፤ አንፈልግም ያሉት ልጆቹ ናቸው። ባንዱ በ1980 በጆርጂያ ግዛት፣ አቴንስ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ተመሠረተ። በ1981 አንድ ነጠላ ዜማ፣ በ1982 ደግሞ «ክሮኒክ ታውን» የተሰኘ አምስት ዘፈን የያዘ ሸክላ አወጣ። የመጀመሪያው ሙሉ አልበም ሲታሰብ አሳታሚያቸው አይ.አር.ኤስ. ሬከርድስ ስቲቨን ሄግ ከተባለ ፕሮዲዩሰር ጋር ቦስተን ላይ አገናኛቸው። ሄግ ገበያው የሚፈልገውን ድምፅ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ኋላ ከፔት ሾፕ ቦይስና ከኒው ኦርደር ጋር ሠርቶ ትልቅ ስም አትርፏል። «ካታፑልት» የተባለውን ዘፈን ይዞ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ አስጫወታቸው። ከበሮ መቺው ቢል ቤሪ ጆሮው ላይ ከሚንኳኳው የማሽን ምት ዝንፍ እንዳይል ተደረገ። ከዚያ ሄግ ቴፑን ወስዶ ልጆቹን ሳያማክር የኪቦርድ ድምፅ ጨመረበት። ውጤቱን ሲሰሙ አልወደዱትም፤ ዘፈኑ የእነሱ መሆኑ ቀርቷል።

ስለዚህ አሳታሚውን ተማጽነው «ክሮኒክ ታውን»ን ወደቀረጸላቸው ወደ ሚች ኢስተር ተመለሱ። ኢስተር የሥራ ባልደረባውን ዶን ዲክሰንን ጨመረ፤ ለሙከራ «ፒልግሪሜጅ»ን ቀርጸው አሳዩ፣ አሳታሚውም ተስማማ። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር ያምታቱ ይመስለኛል። ኢስተር በወላጆቹ ቤት ጋራዥ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ እንደነበረው እውነት ነው፤ «ክሮኒክ ታውን» የተቀረጸውም እዚያ ነው። «መርመር» ግን የተሠራው በ1983 መጀመሪያ ላይ በሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ከተማ፣ ሪፍሌክሽን በተባለ፣ መንፈሳዊ መዝሙሮች በብዛት ይቀረጹበት በነበረ የተሟላ ስቱዲዮ ነው። ድምፁን ያደበዘዘው የመሣሪያ እጦት አይደለም።

ምን እንደፈለጉ ለመረዳት የዚያን ዘመን ሬዲዮ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1983 ተወዳጅ የነበረው ከበሮ እንደ መድፍ ጮሆ ማሚቶው ድንገት የሚቆረጥ ነበር፤ በላዩ ሲንተሳይዘር ይደረብበታል፣ መሐል ላይ ጊታሪስቱ ብቻውን ወጥቶ ሶሎውን ይጫወታል። አራቱ ልጆች ይህን ሁሉ አንፈልግም አሉ። ውሳኔው ትክክል እንደነበር ለማወቅ የዚያን ዓመት ሌሎች ሸክላዎች ዛሬ መስማት በቂ ነው። ብዙዎቹ ገና ሲጀምሩ ዓመተ ምሕረታቸውን ይናገራሉ፤ «መርመር» ግን በ1973 ተሠራ ቢሉት ወይም ባለፈው ዓመት ወጣ ቢሉት የሚያምን ሰው አይጠፋም።

በአንድ ነገር ጸሐፊው ደጋፊ ያገኛሉ። መክፈቻው «ሬዲዮ ፍሪ ዩሮፕ» በ1981 በነጠላ ዜማ ከወጣው ቅጂ ይልቅ ረጋ ያለ ነው፤ የባንዱ አባላት ራሳቸው የመጀመሪያውን ቅጂ እንደሚመርጡ ተናግረዋል። እኔም ያኛው ይበልጥ ያስፈነድቀኛል። ሆኖም የአልበሙ ቅጂ የሚጀምርበትን ድምፅ ልብ ይበሉልኝ። ከመሣሪያዎቹ ላይ ሳይታሰብ የተገኘ የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ከቤዙ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን ድምፅ ከሚያወጣው ጊታር፣ ምት ጋር እየተከፈተና እየተዘጋ ይሰማል፤ ከዚያ ከበሮው ይገባል። በአጋጣሚ የተገኘን ሁካታ የአልበማቸው በር ያደረጉ ሰዎች ድምፁን አስበውበት ነው የሠሩት ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ድምፃዊው ወደ ማይክል ስታይፕ ድምፅ ልምጣ። ጸሐፊው ስታይፕ የሚያጉረመርመው የሚናገረው ስለሌለው ነው ይላሉ። ስታይፕ የቀረጻ ድርሻውን የዘፈነው ከዋናው ክፍል ወጣ ብሎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ደረጃው አካባቢ ቆሞ ነው። ድምፁም ሁሉም ድምፆች ሲቀላቀሉ ከሌሎቹ በላይ አልወጣም፤ ከጊታሩና ከቤዙ እኩል ተቀምጧል። «ሬዲዮ ፍሪ ዩሮፕ»ን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሲቀርጸው ቃላቱን ጽፎ እንዳልጨረሰ ራሱ ተናግሯል። ጸሐፊው ይህን እንደ ማስረጃ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ለእኔ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህ ሰው በግልጽ መዝፈን ይችል ነበር ወይ?

ይችል ነበር፤ እዚያው አልበም ላይ አድርጎታል። «ቶክ አባውት ዘ ፓሽን» ስለ ረሃብና ጠብ ስለማይል ጸሎት የሚናገር ዘፈን ነው፤ ቃሎቹ ጥቂት ናቸው፣ አንዱ ስንኝ በፈረንሳይኛ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ይሰማል። «ፐርፌክት ሰርክል» ላይ የስታይፕ አንደበት ለስለስ ይላል እንጂ አይዋጥም። ከሁሉም የሚያስገርመኝ «ሲቲንግ ስቲል» ነው። ይህ ዘፈን ገና ከመጀመሪያው ቃላቱ የተምታቱ፣ አድማጮች ለአርባ ዓመት የተጨቃጨቁበት ነው። ወደ ማብቂያው ሲደርስ ግን ስታይፕ እሱ እንደሚሰማ ይናገርና አንተስ ትሰማኛለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህቺን ጥያቄ ማንም ሳይቸገር ይሰማታል። እንዲሰማ የፈለገውን አሰማ፣ የቀረውን በድምፅነቱ ብቻ ተወው። የሚናገረው ያጣ ሰው እንዲህ አይመርጥም።

ደግሞም ጸሐፊው አንድ ድምፅ ብቻ የሰሙ ይመስላል። በዚህ አልበም ውስጥ ሁለተኛ ዘፋኝ አለ፤ የቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ሚልስ ነው። የሚልስ ድርሻ አዝማቹን ከኋላ እየተቀበሉ መድገም አይደለም። ብዙ ጊዜ ሌላ ዜማ ይዞ ከስታይፕ በላይ ይወጣል፣ ቢል ቤሪም ከከበሮው ሆኖ ይጨምርበታል። ስታይፕ ወደ ታች ሲያጎነብስ ሚልስ ከላይ ጥርት ብሎ ሲገባ፣ ዘፈኑ ስሜቱን የሚያደርሰው በሁለቱ መሐል ባለው ርቀት ነው። ቃሉን ብቻ ለቅሞ ለመያዝ የሚታገል ጆሮ ይህ ያመልጠዋል፤ ያመለጠው ነገር ደግሞ የዘፈኑ ግማሽ ነው።

ስለ ሽፋኑ ያሉትን በአጭሩ ልመልስ። አረሙ ኩድዙ ይባላል። ከጃፓን መጥቶ በ1876 በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ለአሜሪካውያን የታየ ሐረግ ነው። ኋላ አፈር እንዳይሸረሸር ተብሎ በደቡብ ግዛቶች በመንግሥት ድጋፍ በሰፊው ተተከለ፤ ከዚያ ዛፉንም፣ የስልክ ምሰሶውንም፣ ባዶ ቤቱንም እየዋጠ አስቸጋሪ ሆነ። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን ያየ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ለአቴንስ ልጆች ይህ የሰፈራቸው መልክ ነው፤ በሸክላው ጀርባ ላይ ያለው የእንጨት የባቡር ድልድይም የዚያችው ከተማ ነው። በ1983 አንድ አዲስ ባንድ የራሱን ፊት ሽፋን ላይ ሳያወጣ የአገሩን አረም ማውጣቱ ምን ዓይነት አልበም እንደያዘ በግልጽ ይናገራል።

ዘፈኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው ለሚለው መልሴ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም በዚህ ነጥብ ላይ በደል ተሠርቷል ብዬ አምናለሁ። «ላፊንግ» የሚከፈተው በቤዝና በከበሮ ብቻ ነው፣ ቦታ ቦታ እየተዉ፣ የሬጌ ቀረጻ እንደሚያደርገው፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ ጊታሮች በላዩ ይረግፋሉ። «ቶክ አባውት ዘ ፓሽን» መሐል ላይ ቼሎ ይገባል። «ናይን ናይን» የተሰባበረና ቁጡ ነው፣ በማንሾካሾክ ይጀምራል። «ሼኪንግ ስሩ» ፒያኖ አለበት፣ ወደ መጨረሻውም ዜማው ከነበረበት ደረጃ ከፍ ብሎ ይሄዳል። «ዊ ዎክ» ቀላል፣ የልጆች መዝሙር የሚመስል ነው። እውነቱን ለመናገር ከአሥራ ሁለቱ የሚያንሰው እሱ ነው፤ ጸሐፊው «ቦታ መሙያ» ቢሉት አልከራከርም። ሆኖም በውስጡ እንደ ነጎድጓድ የሚሰማው ድምፅ ቢል ቤሪ ስቱዲዮው ውስጥ በነበረ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ሲጫወት የኳሶቹን ግጭት ቀርጸው፣ ፍጥነቱን ቀንሰው ያገኙት መሆኑን ያወቀ ሰው እንደገና ሳይሰማው አይቀርም።

«ፐርፌክት ሰርክል» ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። ዜማው በዋነኛነት የከበሮ መቺው የቤሪ ነው። ሚልስና ቤሪ አንድን የፒያኖ ሐረግ በሁለት የተለያዩ ፒያኖዎች ተጫውተውታል፤ አንዱ በወጉ የተቃኘ ትልቅ ፒያኖ፣ ሌላው ቅኝቱ የተዛባ የቆመ ፒያኖ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጥቂት ልዩነት ድምፁን ታንቀጠቅጠዋለች። ከስልክ ድምፅ ማጉያ አንድ ፒያኖ ብቻ ይሰማል፤ በደህና ጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ግን ሁለቱ አንዱ ሌላውን ሲከተል፣ ሲቀድም፣ ሲጠጋው ይታወቃል። ጊታሪስቱ ፒተር በክ ይህ ዘፈን ለእሱ ምን እንደሆነ ሲናገር፣ በጉዞ ደክሞት ሳለ ትሬንተን በምትባል ከተማ ሕፃናት በምሽት ብርሃን ኳስ ሲጫወቱ አይቶ እንዳለቀሰ፣ ያንን ስሜት እንዲይዝለትም ለስታይፕ እንደነገረው ገልጿል። የስታይፕ ቃላት ስለ ኳስም ስለ ልጆችም አንዲት ነገር አይሉም። ስሜቱ ግን እዚያው አለ፤ በተዛባው ፒያኖ ውስጥ። ግጥሙ ታሪኩን ባይነግረንም ዘፈኑ ነግሮናል፤ ከጸሐፊው ጋር የምለያይበት ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ተጠቃሏል ማለት እችላለሁ።

ሶሎ ስለመጫወት። በክ ከባንዱ በፊት ሸክላ ቤት ይሠራ የነበረ፣ ጊታርን ዘግየት ብሎ የያዘ ሰው ነው። ጸሐፊው ጣቱ እንደ ሌሎቹ ፈጣን አልነበረም ካሉ አልቃወማቸውም። ክሮቹን በአንድ ላይ ከመምታት ይልቅ አንድ በአንድ እየለቀመ በሪከንባከር ጊታሩ ላይ ይጫወታል፤ ዜማውን ወደፊት የሚወስደው ደግሞ የሚልስ ቤዝ ነው። በሌላ ባንድ ውስጥ ጊታር የሚሠራውን ሥራ እዚህ ቤዙ ይሠራል፣ ቤዝ የሚሠራውን ማጀብ ጊታሩ ይሠራል። ማንም ብቻውን ወደፊት አይወጣም። ከአንድ ዘፈን በስተቀር የሁሉም ዘፈኖች ድርሰት በአራቱም ስም እኩል መመዝገቡ ከዚሁ ጋር የሄደ ነው። ባንዶች በገንዘብና በስም ተጣልተው በሚፈርሱበት ዓለም እነዚህ አራት ሰዎች ቤሪ በ1997 በፈቃዱ እስከተሰናበተ ድረስ አንድም ሰው ሳይቀየር ዘልቀዋል።

ዝናው በኋላ የተፈበረከ ነው የሚለው ስህተት ነው። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት «መርመር»ን የዓመቱ ምርጥ አልበም ያለው በዚያው በ1983 ነው፤ ያውም የማይክል ጃክሰን «ትሪለር»፣ የፖሊስ «ሲንክሮኒሲቲ» እና የዩ2 «ዋር» በነበሩበት ዓመት። ሽያጩ ግን፣ ጸሐፊው እንዳሉት፣ ትንሽ ነበር፤ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ከ36ኛ ደረጃ አላለፈም፣ «ሬዲዮ ፍሪ ዩሮፕ»ም በነጠላ ዜማ 78ኛ ላይ ቆሟል። ባንዱን ያሳደገው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያስተዳድሯቸው ትንንሽ ሬዲዮ ጣቢያዎችና በመኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያቀረቧቸው ዝግጅቶች ናቸው። ኢንዲ ሮክ ኋላ የሄደበትን መንገድ ከጠረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ይህ ባንድ ነው። በጥቅምት 1983 በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ ሁለተኛው ዘፈናቸው ገና ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር፤ በብዙ ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ ገና ስም ያልወጣለትን ዘፈን መጫወት ዝና የሚፈበርክ ሰው ሥራ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ እኛን ይመለከታል፤ የከበደኝም እሱ ነው። እኛ የግጥም ሕዝብ ነን ይላሉ። ልክ ነው፤ አዝማሪ ስንኝ ሲወረውር ቤቱ የሚነሳው ለቃሉ ነው። ይህ ግን የጆሯችን ሁለመና አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ተጫውቶታል። ሽለላ ከምንም በላይ የቃል ነገር ነው፤ ስድብ አለበት፣ ፉከራ አለበት፣ ስም እየተጠራ ይሞገሳል። ጌታቸው ቃሉን በሙሉ አንስቶ ትንፋሹን ብቻ ተወ፤ የሰማው ሁሉ ግን ሽለላ መሆኑን አልሳተም። የሱዳን ዘፈን ደግሞ አረብኛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ በሠርግ ሲጨፍርበት ኖሯል፣ መሐመድ ዋርዲን የወደድነው ግጥሙን ተርጉመውልን አይደለም። የድሮ ሸክላዎቻችንን የሚሰማ ሰው ስንኙ እንዲህ ነው፣ አይ እንዲያ ነው እያለ ከጓደኛው ጋር ይከራከራል፤ ክርክሩ እስኪፈታ ድረስ ዘፈኑን ሳይወድ አይጠብቅም።

ስታይፕን ግን ቅኔ ተቀኘ ልል አልፈልግም፤ ጸሐፊውን ለመርታት ብዬ ሰምና ወርቅ ብጠራ ቅኔውንም እሱንም እበድላለሁ። ቅኔ ወርቅ አለው፤ ተማሪው ደክሞ ይደርስበታል፣ ሲደርስበትም ሌላው ሰው የደረሰበት ያው ወርቅ ነው። «መርመር» ውስጥ እንዲህ ተደብቆ የሚጠብቅ አንድ ፍቺ የለም። ያለው ድምፅ ነው፣ በውስጡ እዚህም እዚያም ቃል ብቅ የሚልበት። ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ነው ብለው ቢያቆሙ እስማማ ነበር። አይሆንም ማለት ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅ ያለውን ድምፅ አያወጣም፤ በዚህ አልበም ደግሞ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዙ ነው። በመኪና ድምፅ መካከል የሰሙት የስታይፕን ማጉረምረምና የበክን ጊታር ብቻ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ እኔም ብሆን አልወደውም ነበር። ጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ አርባ አራት ደቂቃ አግኝተው፣ ከ«ላፊንግ» ይጀምሩ። የመጀመሪያውን ጊዜ ስታይፕን ይተዉትና ሚልስን ብቻ ይከተሉ፤ ጣቱንም፣ ኋላ ድምፁንም። ቀጥሎ «ፐርፌክት ሰርክል» ላይ ሁለቱን ፒያኖዎች ለይተው ይስሙ። ከዚያ በኋላም ካልወደዱት ይጻፉ፤ አነበዋለሁ፣ እመልሳለሁም።